የልጆች ንባብና የሚያዳምጥ ጆሮ

በ2009 ዓ.ም. መስከረም ወር፣ ከቡሬ ከተማ በእግር የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ በሚያስኬድ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት፣ የሦስተኛ ክፍል ልጆችን አማርኛ እንዳስተምር ተመደብሁ። የተማሪዎቼ ቍጥር 70 ነበረ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እጅግ ደስ ብሎኝ እንደ ነበረ መሸሸግ አይገባኝም፤ ልጆቹ ሁሉ የሚያነቡ መስለው ታይተውኝ ነበርና። «መጽሐፋችሁን ግለጡ» ባልሁ ጊዜ የ70ው ልጅ ድምፅ እንደ አንድ ሰው ድምፅ ሆኖ ምንባቡን ከላይ እስከ ታች ይወርደዋል፤ ዜማው ያማረ፣ አንዲት ቃል እንኳ ያልተዛነፈች ነበረች። በአጥሩ አጠገብ የሚያልፉ ገበሬዎች ቆም ብለው ያዳምጡና «እሰይ! ልጆቻችን ተማሩልን» እየተባባሉ መንገዳቸውን ይቀጥሉ ነበር።

አንድ ቀን ግን በመስኮቱ ነፋስ ገባና ከፊት የተቀመጠውን ልጅ መጽሐፍ ገጾች ገለባበጣቸው። ልጁ ንባቡን አላቋረጠም። ዐይኑ በአንዲት የላም ሥዕል ላይ ተተክሎ፣ አፉ ግን ስለ ንብ የሚናገረውን ምንባብ እስከ መጨረሻው አወረደው። እኔም ምንም ሳልናገር በማግሥቱ ከዚያው ምንባብ አንዲት አንዲት ቃል እየነጠልሁ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፍሁና ልጆቹን በተራ ጠራኋቸው። «ንብ» የምትለውን ቃል ያን ያህል ጊዜ በዜማ ያሏት ልጆች ብቻዋን ቆማ ባዩዋት ጊዜ እንደማያውቋት እንግዳ ተመለከቷት። ከክፍሉ ሲሦ የሚበልጡት ልጆች አያነቡም ነበር። የቀሩትም ቢሆኑ ብዙዎቹ ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀሙ፣ በመጨረሻ ምን እንዳሉ ሳያውቁ የሚያነቡ ነበሩ።

ይህ ድካም የእኔ ክፍል ብቻ አልነበረም። በ2002 ዓ.ም. በልዩ ልዩ ክልሎችና ቋንቋዎች የሕፃናት ንባብ በተመረመረ ጊዜ፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከመቶው 34ቱ ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ ተገልጾ ነበር። ከዚያ ወዲህ የአፍ መፍቻ ቋንቋ መጻሕፍት ንባብን መሠረት አድርገው በአዲስ መልክ ተዘጋጁ። መጻሕፍቱ መልካሞች ናቸው። ነገር ግን መጽሐፍ ምንም ያህል መልካም ቢሆን፣ ልጁ ሲሳሳት «ተመለስ» ብሎ አይነግረውም። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው፤ 40 ደቂቃ ለ70 ልጅ ሲካፈል ለእያንዳንዱ 34 ሴኮንድ ይደርሰዋል፤ እርሱም መምህሩ ስም ሳይጠራ፣ ሳይቈጣ፣ በሰሌዳ ሳይጽፍና ሳያስል የዋለ እንደ ሆነ ነው።

እኔ ራሴ ፊደል የቈጠርሁት በቤተ ክርስቲያን ዐፀድ፣ ከየኔታ እግር ሥር ነው። ያ የማስተማሪያ ዘዴ ልጅን በቃል ከማስጠናት በቀር ሌላ ጥቅም እንደሌለው ተደርጎ ሲነቀፍ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ነቃፊዎቹ ዘንጉን አይተው ጆሮውን አላዩም። «ሀ ሁ» በተራው በዜማ የተጠና እንደ ሆነ ልጅ ፊደሉን ሳያይ በአፉ ብቻ እንደሚወጣው አባቶቻችን አስቀድመው ዐውቀውታል። ስለዚህም ከሀሁ ቀጥሎ አቡጊዳን አመጡ። 33ቱ ፊደላት በሰባት በሰባት ተዘርዝረው 231 ሆነው ከተጠኑ በኋላ፣ አቡጊዳ ያን የተለመደ ተራ ያፈርሰዋል፤ ከአ ወደ ቡ፣ ከቡ ወደ ጊ፣ ከጊ ወደ ዳ እያዘለለ ይወስደዋል። በዜማ ተሸፍኖ ያለፈ ልጅ እዚህ ላይ ይያዛል። በስንደዶው ፊደሉን እየነካ፣ የነካውንም በዐይኑ እያየ ካልሆነ በቀር ሊያልፈው አይችልም።

ከዚያ በኋላ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያም ወንጌል፣ ከዚያም ዳዊት ይከተላል፤ ተነሹን ከወዳቂው፣ ተጣዩን ከሰያፉ ለይቶ ማንበብም በየደረጃው ይጠየቃል። የኔታ ዳዊቱን በቃላቸው ስለሚያውቁ መጽሐፍ አያዩም ነበር። ዐይናቸውን ጨፍነው፣ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ስበው ይቀመጣሉ። ሠላሳ ልጅ፣ ሠላሳውም የተለያየ ቦታ እያነበበ ሲጮኽ፣ ከመካከሉ የአንዱ ልጅ ወዳቂ ንባብ ተነሽ ሆኖ እንደ ሆነ ዘንጋቸው ትነሣለች፤ «አንተ! ወደ ላይ ተመለስ» ይላሉ። እኔ እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ይህ ጆሮ ነው። በ70 ልጆች ፊት ቆሜ ያን ጆሮ ባጣሁት ጊዜ፣ የየኔታን ዘንግ ስፈራ የኖርሁት በከንቱ እንደ ሆነ፣ ልመኝ ይገባኝ የነበረው ሌላ ነገር እንደ ነበረ ገባኝ።

ስለ መሣሪያ ከተነሣ፣ መሣሪያ ሲያነብ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ማንኩሳ ላይ ነው። ማንኩሳ፣ ድሮ ወጀት ይባል ከነበረው ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ ወደ ቡሬ በሚሄደው መንገድ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ታሪኩን የሚጀምረው በዚያች በማንኩሳ እንደ ሆነ አንባብያን ታስታውሳላችሁ። እኔ ወጣት በነበርሁበት ዘመን ወጋየሁ ንጋቱ ያን መጽሐፍ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ያነበው ነበርና፣ በአንድ ነጋዴ ደጃፍ ሕዝብ ተሰብስቦ ሲያዳምጥ ከመካከሉ ቆሜ ሰማሁ። የገዛ መንደራቸውን ስም ከአዲስ አበባ ሲጠራ የሰሙ ሽማግሌዎች እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ አንዱም እንደ ጸሎት ሰዓት ቆቡን አወለቀ። ከዚያ በኋላ ፊደል የማያውቅ አንድ ገበሬ በርበሬውን ሸጦ መጽሐፉን ገዝቶ መጣ፤ ማታ ማታ በኩራዝ ብርሃን ልጁን ያስነብበው ነበር። ሬዲዮው ያን ሰው ማንበብ አላስተማረውም። ጕጕቱን ግን አሳድሮበት ሄደ፤ ይህም ትንሽ ነገር አይደለም።

መምህር ከሆንሁ በኋላ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ ትምህርት በሬዲዮ ይሰጥ ነበር። ልጆች ሬዲዮ ይወዳሉ፤ መዝሙሩ ሲጀምር ፊታቸው ይበራል፤ «ድገሙ» ሲላቸው ግድግዳው እስኪነቃነቅ ይደግማሉ። ዳሩ ግን ሬዲዮው ጊዜውን ጠብቆ ያልፋል እንጂ ከኋላ የቀረውን ቆሞ አይጠብቅም። በ1997 ዓ.ም. ደግሞ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ፕላዝማ የሚሉት ቴሌቪዥን ገባ፤ ትምህርቱም በሳተላይት ከሩቅ ይመጣ ጀመር። በሚገባ ለመፍረድ፣ ቤተ ሙከራ አይተው የማያውቁ የገጠር ልጆች የሳይንስ ሙከራ በዐይናቸው ያዩት በዚያ መስኮት ነው። የንባብ ትምህርቱን ግን አንድ ቀን ከኋላ ወንበር ተቀምጬ አየሁት። በመስተዋቱ ላይ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወጣ፤ ተማሪዎቹ በለሆሳስ እንዲያነቡት ታዘዙ፤ ትንሽ ሙዚቃ ተሰማ፤ ገና ከሁለተኛው መሥመር ሳይደርሱ ጽሑፉ ጠፋና ጥያቄ መጣ። ማንም አልመለሰም። በመስተዋቱ ውስጥ ያለው መምህር ግን ፈገግ ብሎ «በጣም ጥሩ!» አለ። ተማሪዎቹ ሣቁ፤ እኔም ሣቅሁ። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን ሣቁ አልቆየልኝም፤ መልሱን ሳይሰማ «በጣም ጥሩ» የሚል መምህር እኔም ራሴ እንደ ሆንሁ ዐሰብሁ። የ70 ልጅ ዜማ ሰምቼ «ጎበዞች!» ያልሁት ከዚያ በኋላ፣ በ2009 ዓ.ም. መሆኑ ደግሞ የሰው ልጅ ምን ያህል ዘንጊ እንደ ሆነ ያሳያል።

እንግዲህ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር መጨረሻ፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከአንድ ወጣት ዲያቆን ጋራ ወደ ቡሬ ስወርድ፣ ልጁ በእጅ ስልኩ ላይ አንዳች ነገር እየሰማ ራሱን ሲነቀንቅ አየሁት። ምን እንደሚሰማ ብጠይቀው የራሱን ድምፅ መሆኑን ነገረኝ። የሚቀጥለውን እሑድ ምስባክ በስልኩ እየቀዳ መልሶ ያዳምጠዋል፤ የሳተበትን ቦታ ራሱ ያገኘዋል፤ እንደ ገና ይቀዳዋል። «መሪጌታ ሩቅ ናቸው፤ እስክደርስላቸው ድረስ ይህ ይሰማኛል» አለኝ። እኔም ስልክ ነበረኝ፤ ቴክኖ የሚሉት ርካሽ ዓይነት ነው፤ ለወሬ እንጂ ለሌላ ነገር እንደሚጠቅም ዐስቤው አላውቅም ነበር።

በማግሥቱ ሥራ ጀመርሁ፤ የጀመርሁትም በስሕተት ነው። ከቡሬ ገበያ አንዲት ትንሽ ስፒከር ገዛሁ። ልጆችን አስቀርቤ እየቀዳሁ ለክፍሉ ሁሉ ባሰማ ትምህርቱ ይጣፍጣል ብዬ ዐሰብሁ፤ ዕውነትም ክፍሉ በደስታ ተናወጠ፤ «እኔን! እኔን!» የማይል አልነበረም። ሦስተኛዋ ተራ የደረሳት ልጅ ከኋላ የምትቀመጥ፣ ድምፅዋ የማይሰማ ዝምተኛ ነበረች። አነበበች ማለት አይቻልም፤ ፊደሉን እየለቀመች፣ እየተንተባተበች፣ በመካከሉም ትንፋሽዋ እየተቈረጠ ጨረሰች። እኔም እንደ ሌሎቹ ሁሉ የእርስዋንም በስፒከሩ ለቀቅሁት። ያ መንተባተብ ጐልቶና ገዝፎ ክፍሉን ሞላው። መጀመሪያ አንዱ ሣቀ፤ ቀጥሎ ሁሉም። በዕረፍት ሰዓት ልጆቹ በሜዳው ላይ እርስዋን እያስመሰሉ ሲሯሯጡ አየሁ፤ ገሠጽኋቸውም፤ ነገሩም ያለቀ መሰለኝ።

ሰኞ አልመጣችም። የበርበሬ ለቀማ የደረሰበት ወራት ነበርና ከክፍሉ ብዙ ልጆች ቀርተው ስለ ነበር አልደነገጥሁም። ለቃሚዎቹ ሲመለሱ ግን እርስዋ አልተመለሰችም። በሦስተኛው ሳምንት ጐረቤትዋን ጠየቅሁት፤ ልጁ መሬት መሬት እያየ «ሁለተኛ አልማርም ብላለች» አለኝ።

ቤቷን ፈልጌ የሄድሁት ጾመ ነቢያት ገብቶ ነበር። ወላጆችዋ ማሳ ላይ ነበሩ፤ በደጃፉ ቆብ የደፉ አሮጊት፣ የአባትዋ እናት፣ በሰሌን ላይ የተሰጣውን በርበሬ ይለቅማሉ። ልጅቱ ባየችኝ ጊዜ ወደ ጓዳ ገባች።

«መምህሩ ነህ?» አሉኝ።

«አዎን፣ እማሆይ፤ እንደምን ዋሉ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። የልጄን ድምፅ ከአፏ ወስደህ ለመሣቂያ የሰጠኸው አንተ ነህን?»

ብዙ ማመካኛ ይዤ ነበር የሄድሁት። ስለ አዲስ የማስተማሪያ ዘዴ፣ ስለ ልጆች ትጋት፣ ስለ ሌላም የምናገረው ነበረኝ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ጠፋኝ። «እኔ ነኝ፤ አጥፍቻለሁና ይቅር ይበሉኝ» ብዬ ጐንበስ አልሁ።

«እኔን ሳይሆን እርስዋን ነው» አሉና ጠሯት።

ልጅቱ ነጠላዋን በአፍዋ ነክሳ ወጣች። ይቅርታ ለመንኋት። በዕድሜዬ ሁሉ ተማሪ ይቅርታ ሲለምነኝ ኖሬአለሁ፤ እኔ ተማሪ ስለምን ያ የመጀመሪያዬ ነበረ፤ ቃሉም ከጉሮሮዬ ሲወጣ እንደ ቀለለኝ አስታውሳለሁ። ስልኩን አውጥቼ ድምፅዋ ያለበትን ቦታ አሳየኋትና የሚያጠፋውን ምልክት በገዛ ጣትዋ እንድትነካው ነገርኋት። ነካችው። «አሁን የለም?» አለች። «የለም» አልኋት። ደግማ ጠየቀችኝ፤ ደግሜም መለስሁላት።

እማሆይ ይህን ሁሉ ሲመለከቱ ቆይተው፣ «ይህ ነገር የእኔንም ድምፅ ይይዛልን?» አሉ። «ይይዛል» ብዬ ከፈትሁላቸው። አቡነ ዘበሰማያትን ደገሙና መልሰው ሰሙት። አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው እስኪያስሉ ድረስ ሣቁ፤ «ለካስ እንዲህ አርጅቻለሁ! እኔ እኮ በልቤ ገና የማንኩሳ ገበያ የምወጣ መስሎኝ ነበር» አሉ። ያን ጊዜ ልጅቱም ሣቀች። በዚያ ቤት ምንም ነገር ካቃናሁ ያቃናሁት በዚህ እንጂ በእኔ ንግግር አልነበረም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ልጅቱ ስልኩን ለመነችኝና ከጎተራው ኋላ ሄደች። እኛ እማሆይ ባቀረቡልኝ የሽምብራ ቆሎ ፊት ተቀምጠን ጾሙ የሚፈታበትን ሰዓት እየጠበቅን ስናወጋ፣ ከጎተራው ወዲያ ለስለስ ያለ ድምፅ ይሰማል፤ ይቋረጣል፤ ያው ድምፅ ከስልኩ ይመለሳል፤ እንደ ገና ይጀምራል። እርስዋን የሚሰማት ሰው በዚያ አልነበረም፤ የሚሥቅባትም የለም፤ የምትሰማው ራስዋ ብቻ ናት። ስንት ጊዜ እንደ ደገመችው አልቈጠርሁም፤ ፀሐይዋ ግን ከጣራው ጫፍ እስከ አጥሩ ወርዳ ነበር። ተመልሳ መጣችና ስልኩን በሁለት እጅዋ ሰጠችኝ፤ «ጋሼ፣ ሦስተኛው መሥመር ላይ ‹ገና›ን አጥብቄዋለሁ» አለችኝ።

ይህችን ቃል መምህራን ሁሉ በሚገባ ቢያስተውሉልኝ ደስ ይለኛል። የአማርኛ ጽሕፈት የሚጠብቀውን ከሚላላው በምልክት አይለይም። «ገና» ሲላላ ጊዜው አለመድረሱን፣ ሲጠብቅ የጌታን የልደት በዓል ያመለክታል፤ «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይኖራል ማለት ነው፤ «ዋና»ም እንዲሁ፣ ሲላላ በውኃ ላይ፣ ሲጠብቅ አውራ ነው። ስለዚህ ቃሉን ለማጥበቅ ወይም ለማላላት አንባቢው አስቀድሞ ትርጕሙን መረዳት አለበት። በምንባቡ ውስጥ አባትዬው ከገበያ ገና አልተመለሰም ይላል። ልጅቱ አጥብቃ አንብባው ነበር፤ መልሳ ስትሰማው ግን ሰውዬው በልደት በዓል ቀን የቀረ መሰላት፤ ነገሩም አላምር አላት። ፊደል ለቃሚ ሆና የሄደች ልጅ፣ በገዛ ጆሮዋ ትርጕም ይዛ ከጎተራው ኋላ ተመለሰች። እኔ በ34 ሴኮንዴ ይህን ላስተምራት አልችልም ነበር።

ልሰናበት ስነሣ እማሆይ ከሙዳይ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተምረው ያገኙት ምስክር ወረቀት ነበር። «ያን ጊዜ አንብቤ ነበር» አሉኝ፤ «በኋላ የሚሰማኝ አጣሁና ጠፋብኝ፤ አሁን ከዚህ ላይ ስሜን ብቻ ነው የማውቀው።» ልጅቱ ወረቀቱን ከእጃቸው ተቀብላ ቀስ ብላ አነበበችላቸው። ስማቸው ላይ ስትደርስ እማሆይ ቀድመዋት በጣታቸው ነኩት።

ከዚያ በኋላ ስፒከሯን ለአንድ ነጋዴ ሸጥኋት። ሥርዓቱንም ለወጥሁ። 70ውን ልጆች በአምስት በአምስት ከፍዬ 14 ቡድን አደረግሁ፤ በየቀኑ ሦስት ቡድን ተራ በተራ ከውጭ በዋርካው ሥር ይወጣል፤ በሳምንት ውስጥ ለሁሉም ይዳረሳል። የቀሩት በውስጥ እኔ ጋራ ናቸው። በዋርካው ሥር አንዱ ከሌሎቹ ፈንጠር ብሎ ያነባል፤ ይሰማል፤ የሳተውን ቃል በደብተሩ ይጽፋል፤ እንደ ገና ያነባል። የልጁን ድምፅ ያለ ልጁ ፈቃድ ማንም እንዳይሰማ ተከለከለ፤ እኔም ጭምር። ዓርብ ሲሆን ሁሉም ይጠፋል። እንዲሰሙላቸው የሚወዱ ልጆች ራሳቸው ያመጡልኝ ነበር፤ ልጅ ደግሞ በመጀመሪያ የሚያመጣው አራተኛውን ወይም አምስተኛውን ንባቡን እንጂ የመጀመሪያውን አይደለም። ባትሪው ሁለት ቀን ያህል ይቆያል፤ ሲያልቅ ሶላር ካለው አንድ ሱቅ አስሞላዋለሁ።

አንዳንድ ወላጆች መጥተው ስልክ ልጅ ያበላሻል ሲሉ አጕረመረሙብኝ። ስሕተት አላልኋቸውም። ማታ ማታ በብርድ ልብስ ውስጥ ተከናንቦ የማንንም ዘፈንና ነገር የሚያይ ልጅ ያለበት ቤት ዐውቃለሁና። እኔ ግን ሲም ካርዱን አውጥቼ በኪሴ ስለማኖረው፣ ያ ስልክ ከዋርካው ሥር በዋለ ጊዜ ከጆሮ በቀር ሌላ ነገር አልነበረውም። ይህን በዐይናቸው አይተው የሄዱ አሉ፤ አይተውም ያላመኑኝ አሉ። በሰኔ ወርም ከክፍሌ ሁሉም አነበበ አልልም፤ ከለቀማ ሳይመለሱ የቀሩም፣ በዋርካው ሥር ዓመቱን ሙሉ ተቀምጠው ፊደል ያልለዩም ነበሩ። ለእነዚህ አቡጊዳን በካርቶን ጽፌ በስንደዶ ወደ ማስተማር ተመለስሁ፤ እዚያ ላይ ስልክ የሚረዳው ነገር የለም።

እኔ ከዚያ ትምህርት ቤት ወደ ፍኖተ ሰላም ተዛውሬ በዚያው ጡረታ ወጣሁ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ትምህርት በሬዲዮና በቴሌቪዥን ተሰጠ፤ የቻለ ሰማ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በክልላችን በተነሣው ጦርነት ምክንያት በምዕራብ ጎጃም ገጠር ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ቆዩ። መንገዱ በተዘጋባቸው ሳምንታት ከፍኖተ ሰላም ቡሬ የሌላ አገር ያህል ራቀብኝ፤ በዋርካው ሥር የተቀመጡት ልጆች የት እንደ ደረሱ የሚነግረኝ አልነበረም።

በ2016 ዓ.ም. የበርበሬ ወራት አንድ ነጋዴ ከቡሬ በኩል መጥቶ ቤቴን ጠይቆ አገኘኝ። ከነጠላው ጫፍ ቋጠሮ ፈትቶ ጥፍር የምታህል ሚሞሪ ካርድ ሰጠኝና፣ «አንዲት ልጅ ‹ለጋሼ አድርስልኝ፤ ፈቅጃለሁ በልልኝ› ብላኛለች» አለ። ማታ በስልኬ ውስጥ አስገብቼ ከፈትሁት። መጀመሪያ የዶሮ ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ የእማሆይ ሳል፤ ከዚያም የአንዲት ወጣት ሴት ድምፅ፣ ያልተንተባተበና ያልቸኰለ፣ «እሺ፣ ከመጀመሪያው» አለ። ታናሽ ወንድምዋን ፊደል እያስቈጠረችው ነበር። ልጁ «አ» አለ። ቆይቶ «ቡ» አለ። ከዚያ በኋላ ዝም አለ። በስንደዶ ወረቀቱን ሲነካ፣ ሲመለስ፣ እንደ ገና ሲነካ ይሰማል። እርስዋ አልነገረችውም፤ እማሆይም ሳላቸውን ያዙ። ሰዓቴን ተመልክቼ ቈጠርሁት፤ ከአንድ ደቂቃ ያለፈ ነበር።

«ጊ» አለ ልጁ።